አሥራት የምታወጣዋ ሸርጣን

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሽማግሌ ይቀድማል፣ ሴቶች ይከተላሉ፤ የሚረዳው ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ፣ ከግራም ከቀኝም የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኔ ግን የሰማሁት በቀትር፣ በፓርኪንግ ጋራዥ መስኮት በኩል ነው። የነገሩኝ ሰውዬም መርዶ እየነገሩኝ መሆኑን አላወቁም።

ሐሙስ ነበር። የፍልሰታ ፆም ሊፈታ ተቃርቧል። ዳውንታውን ዋሽንግተን፣ ከምድር በታች ባለው ጋራዥ፣ ቡዝ በምንላት የመስታወት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ጋሼ ሀብተማርያም ታክሲያቸውን እላይ መግቢያው ጋ አቁመው በእግራቸው ሲወርዱ አየኋቸው። የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድርያ ሐበሻ ሲዳርም ሲሞትም ከፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ።

«ስመኝ ልጄ፣ አንቺ ጠንካራ ሴት ነሽ። አንቺ ጋ የመጣሁትም ለዚሁ ነው» አሉኝ። «የአከራይሽ የሻሽወርቅ ወንድም፣ ብሩህ፣ ትናንት ከሰዓት አርፏል። ጀልባ ላይ ሳሉ ድንገት ማዕበል ተነሥቶ ገለበጣቸው። አብሮት የነበረው ፈረንጅ ተረፈ። እሱን ውሃው በላው። አስከሬኑ ተገኝቷል።»

ከኋላቸው ጥቁር መኪና መጥቶ ቆመ። ነጂው ክንዱን አውጥቶ ቲኬቱን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። አግዳሚው ተነሣ። «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አልኩት። ይህን ማለቴ እስካሁን ትዝ የሚለኝ፣ ድምፁ የሌላ ሴት ድምፅ ስለመሰለኝ ነው።

ጋሼ ሀብተማርያም መኪናው እስኪያልፍ ጠበቁና ቀጠሉ። የሻሽወርቅ ደም ግፊት አለባት። የአክስታቸው ልጅ ከአትላንታ የሚገባው ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሱ ሳይኖር አይነገራትም። እሑድ ንጋት ላይ ሰው ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ ስልኩን ንቀዪው፤ የአማርኛውን ሬዲዮ አታስከፍቻት፤ ሰው ቢመጣ በር ላይ መልሺው።

«እሺ» አልኩ።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» አሉ፣ ኮፍያቸውን መልሰው እያጠለቁ። «ባዳ መሆንሽ ጠቀመን። ዘመድ ብትሆኚ ፊትሽ ያሳብቅብሽ ነበር።»

ሽቅብ ወጡ። እኔ ቁጭ ብዬ ቲኬት መቀበሌን ቀጠልኩ።

ብሩህን ያወቅሁት ከዚያ ቀን ዓመት ቀደም ብሎ፣ እንዲሁ በፍልሰታ፣ በሸርጣን ምክንያት ነው።

በዲቪ ከመጣሁ ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እትዬ የሻሽወርቅ አፓርትመንት ውስጥ አንዲቷን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እትዬ የሻሽ በአንድ ላውንደሪ ቤት ልብስ የሚያሳጥሩና የሚያጠብቡ ባለሙያ ናቸው። ባል አላገቡም። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ ወንድማቸውን እንደ ልጅ አሳድገውታል። ሌሎቹ ወንድሞቻቸው በዚያ ክፉ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አልቀዋል፤ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። እሱ ከፖቶማክ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ፣ ከጓደኛው ከአዶኒያስ ጋር ነው የሚኖረው፤ እኔ በገባሁበት ሰሞን ሥራ በዝቶበት ስለነበር ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም።

ያን ቀን ከሥራ ፈረቃዬ ስመለስ እትዬ የሻሽ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ኩለር፣ የበረዶ ሣጥን፣ ተቀምጧል። ለፆሙ የተገዛ ጎመን መስሎኝ ክዳኑን አነሣሁት። እርጥብ ጆንያ አገኘሁ። ጆንያውን ስገልጠው ሁለት ሰማያዊ መቆንጠጫ ፊቴ ላይ ተዘረጋ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ከመታጠቢያ ቤት አንድ ረጅም ሰው እጁ እየተንጠባጠበ ሮጦ ወጣ።

«ክዳኑን! ክዳኑን ክደኚው!»

አልደረስኩም። ሸርጣኗ ከጠረጴዛው ወድቃ በጎን በጎኗ እየሮጠች ፍሪጁ ሥር ገባች። እኔና የማላውቀው ሰው ወለሉ ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ እኔ በመጥረጊያ እሱ በማማሰያ፣ ለረጅም ጊዜ ለመንናት። በመጨረሻ ከኋላ ይዞ ሲያወጣት ሆዷ ሥር አየሁ። ብርቱካንማ የሆነ፣ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ያበጠ ነገር ተለጥፎባታል።

«በሽታ ነው?» አልኩት።

«እንቁላል ነው።»

«ውጭ?»

«ሸርጣን እንቁላሏን ከሆዷ ሥር አንጠልጥላ ነው የምትዞረው። የተሸከመችውን መደበቅ አትችልም።»

«ስንት ይሆናል?»

«ሁለት ሚሊዮን ገደማ። ስቆጥር እነግርሻለሁ።»

«ሁለት ሚሊዮን ልትቆጥር? ሥራ ፈት ነህ እንዴ?»

«ሥራዬ እኮ እሱ ነው» አለ፤ ኩራትም እፍረትም ባለበት ድምፅ። ከዚያ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ፊቱን በደንብ ያየሁት፤ ፀጉሩ ላይ ከፍሪጁ ሥር የወጣ አቧራ ተሸክሟል።

ብሩህ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሽያን ነበር። የፖቶማክ ወንዝ ወርዶ ወርዶ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ጨው ከሚቀላቀልበት ቦታ ሸርጣኖች እያመጣ፣ ሴቶቹ ለእንቁላላቸው ከገዛ ሰውነታቸው ምን ያህሉን እንደሚያወጡ ይመዝናል። እርግጥ አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ከእንቁላሉ ቅንጣት ያህል ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ ያባዛዋል። ያን ቀን ከወንዙ ሲመለስ መኪናው ሞቆ መንገድ ላይ ስለቆመበት፣ ለማደር ከነሸርጣኗ እህቱ ቤት መጣ። እህቱ የሚያውቁት ግን ወንድማቸው የውሃ ጥናት ላይ እንደሚሠራ ብቻ ነው።

እሳቸው ከቅዳሴ ሳይመለሱ ኩለሩን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደበቅነው። እትዬ የሻሽ ገብተው ነጠላቸውን ገና ሳያጥፉ ከወደ መታጠቢያ ቤት ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ሄደው መጋረጃውን ገለጡት፤ ሸርጣኗ ከኩለሩ ወጥታ ገንዳውን ትጭራለች።

«ብሩህ» አሉ በቀስታ። በቀስታ ሲናገሩ ነው የሚያስፈሩት። «በእመቤታችን ፆም፣ ኦሪት የከለከለውን አውሬ ቤቴ አስገባህ?»

«አልበላትም እኮ እታለም። ልመዝናት ነው።»

ምን ለማግኘት እንደሚመዝናት ጠየቁት። ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ሸርጣን ለእንቁላሏ የምታወጣው ከክብደቷ ከዐሥር አንድ እጅ ገደማ መሆኑን አስረዳቸው። እትዬ የሻሽ ገንዳው አጠገብ ቆመው ጥቂት አሰቡ።

«አሥራት ታወጣለች በለኛ።»

«እንደሱ ማለት ይቻላል።»

«ከኛ ማኅበርተኞች ትሻላለች» ብለው ወጡ። በማግስቱ ገንዳውን በበረኪና ደጋግመው አጠቡት።

ከዚያ በኋላ ብሩህ እህቱን መጠየቅ አበዛ። ሲመጣ ቁጥሩን ይዞልኝ ነው። ትናንት የመዘንኳት ሁለት ሚሊዮን ከምናምን ነበራት ይለኛል፤ እኔም ከእነዚያ መሀል ቲኬት የጠፋባት የለችም ወይ እለዋለሁ። እትዬ የሻሽ ስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ይስቃሉ። እንቁላሉ አዲስ ሲሆን ብርቱካንማ፣ ሲቆይ ቡናማ፣ ሊፈለፈል ሲል ጥቁር እንደሚሆን የነገረኝም ያኔ ነው። የሚጠቁረው የልጆቹ ዓይን ስለሚታይ ነው። ከብርቱካን እስከ ጥቁር ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

«ፍልሰታን ትፆማለች ማለት ነው» አልኩት።

አልሳቀም። ብቻ አየኝ። እህቱ ክር ቆርጠው ቀና እስኪሉ ድረስ ዓይኑን ከዓይኔ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ አሌክሳንድርያ መሄድ ጀመርኩ። ኪንግ ስትሪት ከባቡር ወርጄ እስከ ወንዙ ድረስ በእግሬ እወርዳለሁ፤ እሱ ታች የጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እጁ ሁልጊዜ የባሕር ጨው ይሸታል። መጀመሪያ ያስጠላኝ ነበር፤ በኋላ ሽታው ሲጠፋ ሥራ አልገባህም እንዴ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ስለ ወንዱ ሸርጣን ነገረኝ። ሴቷ ቅርፊቷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትጥል ስትል አስቀድሞ ያውቃል። ከሥሩ አቅፏት ይዞራል። ቅርፊቷን ስትጥል ሰውነቷ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ያገኛት ሁሉ ይበላታል። እስክትጠነክር አይለቃትም። ከዚያ በኋላ በዕድሜዋ ሌላ ወንድ አታውቅም፤ ያን ጊዜ የተቀበለችውን ይዛ ስትወልድ ትኖራለች።

«ከዚያስ?»

«ብቻዋን ወደ ጨዋማው ውሃ ትሄዳለች።»

«እሱስ?»

«እሱ እላይ ይቀራል።»

«ምነው አብሯት ቢሄድ» አልኩ። ሳቀብኝ። ፍጥረቱ አይደለም አለ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ለእታለም ልንገራት» አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«አትንገራቸው» አልኩት። «የኔን ነገር ያውቃሉ።»

«ምንሽን?»

ለእህቱ ገና በመጣሁበት ክረምት ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሣው ነግሬያቸው ነበር፤ ለእሱ ግን ነግሬው አላውቅም። ዓይኖቼን ውሃው ላይ አድርጌ ነገርኩት። አዲስ አበባ አግብቼ ነበር። አምስት ዓመት ልጅ አልወለድኩም። የባሌ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ወደ አባቴ ቤት መለሱኝ።

እትዬ የሻሽ በየማታው የሚጸልዩትን እኔ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። «የሱን ልጅ ሳላቅፍ አትጥሪኝ» ይሏታል እመቤታቸውን። የዚያን ቤት የመጨረሻ ወንድ ልጅ ለእኔ ብለው እንዴት ይሰጣሉ? ጨዋ ሴት ናቸው፣ አያባርሩኝም። ግን እንደ በፊቱ አያዩኝም። ያንን ዓይን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም።

ወደ ናሽናል ኤርፖርት የሚወርድ አውሮፕላን ከወንዙ በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ብሩህ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«ስመኝ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ከእንቁላል ጋር ነው የምውለው» አለ። «ከነዚያ ሁሉ ሚሊዮኖች አድጋ ሸርጣን የምትሆነው አንዷ ወይ ሁለቷ ናት፤ አንዳንዴ ምንም። ብዛት አላጣሁም። ቤቴ ስገባ ያጣሁት የማዋራውን ሰው ነው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ እንዳላየ ሆኖ ቀጠለ።

«ይልቅ ምን እንደሚገርመኝ ታውቂያለሽ? ትንሿም ትልቋም ከልኳ ነው የምታወጣው። ልጨምር ብትል ቅርፊቷ ውስጥ ቦታ የለም። አንቺ ልክሽን ሰጥተሽ ነበር። እነሱ ናቸው የሌላ ሰው ልክ የጠየቁሽ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ማንም ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላም ማንም አይለኝም።

ሳልስማማ ብዙ ወራት ጠበቀኝ። በሁለተኛው ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ተስማማሁ። ፆሙ የሚፈታው ቅዳሜ ነው። ለፍስኩ እህቱ ጋ ይመጣል፤ ሦስታችን ብቻ ገበታው ላይ ስንሆን ይነግራቸዋል። እኔ ጎን ለመቀመጥ፣ ብርክ ከያዘኝም ከጠረጴዛው ሥር እጄን ለመያዝ ቃል ገባልኝ። ረቡዕ ጠዋት ቡዜ ድረስ ደወለ። እንቁላላቸው የጠቆረ ሸርጣኖችን ሊያመጣ ወደ ወንዙ እየወረደ ነው፤ ሳይፈለፈሉ ካልደረሰባቸው የዓመቱ ሥራ ይበላሻል። «ቅዳሜ» አለኝ። «ቅዳሜ» አልኩት። ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

ሐሙስ ማታ ወደ ቤት ስገባ ስልኩ ከተነቀለ በኋላ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር። እትዬ የሻሽ ስፌት መኪናው ላይ ናቸው። ነጭ መጋረጃ ዳሩን ይቀምቅማሉ። ወደ ክፍሌ ሳልፍ ጎንበስ ብዬ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ቲኬት እንደምቀበል ያህል ቀለለኝ። ይህ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠኝ።

ቆይተው ስልኩን አንሥተው አዳመጡ። «ስልኩ ሞቷል እኮ» አሉ።

«ብልሽቱ የሕንፃው ነው አሉ» አልኩ።

«ብሩህ ይደውል ይሆናል። አንቺ ጋ አልደወለም?»

«እኔ ጋ ምን ብሎ ይደውላል እትዬ?»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ መጋረጃቸው ተመለሱ።

ግድግዳው ስስ ነው፤ ማልቀስ አይቻልም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሻወሩን ከፈትኩና ከነልብሴ ገንዳው ውስጥ ቆምኩ። ዕንባ አልመጣም። ገንዳው ላይ የሸርጣኗ ጥፍር የጫረው ቀጭን መስመር ነበር፤ በረኪናው ያላጠፋው። እሱን እያየሁ ቆምኩ። ያች ፍጡር የያዘችውን ለሁሉም እያሳየች ነበር ወዲያና ወዲህ የምትለው። እኔ ውስጤ ቦታ ያልነበረውን ነገር ተሸክሜ ወጥቼ ፀጉሬን አደረቅሁ፣ ሽሮ በላሁ፣ ደህና እደሩ አልኩ።

ዓርብ ሥራ ገባሁ። ከዓርብ የማስታውሰው ነገር የለም።

ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ናት። እትዬ የሻሽን ከቤተ ክርስቲያን ማስቀረት ፀሐይን እንዳትወጣ መከልከል ነው፤ አብሬያቸው ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ገና ስንደርስ ገባኝ። ሁሉም ያውቃል። ወንዶቹ እጅ ሲነሡ መሬት መሬት ያያሉ። ሴቶቹ እትዬ የሻሽን ከወትሮው አስረዝመው ይስማሉ፤ ስመው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው አንድ ሞት ደብቆ ያስቀድሳል። ስለ እኔ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ወይዘሮ እንግዳወርቅ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ክንዴን ጨበጥ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«በርቺ። አንዲት ሌሊት ናት የቀረችሽ። እንዳያመልጥሽ።»

ስንመለስ እትዬ የሻሽ «ሰዉ ሁሉ ዛሬ ዓይኔን ሸሸኝ» አሉ።

ገበታው ቀረበ። ዶሮ ወጡ ከሌሊት ጀምሮ የተሠራ ነው። ሦስት ሰሃን አስቀመጡ። ሦስተኛውን ከእኔ ጎን ነው ያስቀመጡት፤ ከራሳቸው ጎን አይደለም። ይህን ያኔ አየሁት እንጂ አላሰብኩበትም። ተቀመጥን። መኪና በመጣ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። የወጡ ላይ ቅባት ረጋ።

«ስመኝ» አሉ። «የምትነግሪኝ ነገር አለሽ?»

አፌ ተከፈተ። ልነግራቸው ነበር። ደም ግፊታቸውን፣ ጋሼ ሀብተማርያምን፣ ከአትላንታ የሚመጣውን ዘመድ አሰብኩ።

«የለኝም እትዬ።»

«ካለሽ አልቆጣም።»

«የለኝም።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ሰሃኖቹን አንድ በአንድ ከደኑ። «እንግዲያው ብሩህ ሲመጣ እንፈታለን» አሉ። ፆማቸውን እንደያዙ ተኙ። እኔም እንደዚያው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከክፍሌ ስወጣ እትዬ የሻሽ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሳሎን ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ክፈቺላቸው» አሉኝ።

ጋሼ ሀብተማርያም ከፊት ገቡ። ቄሱ፣ ከአትላንታ የመጣው ዘመድ፣ ወይዘሮ እንግዳወርቅና ሌሎች ሴቶች ተከተሉ። አዶኒያስ ዓይኑ ቀልቶ በሩን ተደግፎ ቀረ። ሴቶቹ በእትዬ የሻሽ ግራና ቀኝ ቆሙ። ጋሼ ሀብተማርያም ጀመሩ፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ሲወስድ ማን ይከለክላል እያሉ ዞረው ዞረው ስሙ ላይ ደረሱ።

እትዬ የሻሽ አልጮኹም። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መቼ?»

«ረቡዕ» አሉ ጋሼ ሀብተማርያም።

እትዬ የሻሽ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ» አልኩ።

ወይዘሮ እንግዳወርቅ መሀል ገቡ። «እኛ ነን ዝም በዪ ያልናት የሻሽዬ። እሷ ምን ታድርግ፣ ባዳ ናት፣ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው።»

«ባዳ?» አሉ እትዬ የሻሽ።

ተነሡ። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሲሞክሩ እጃቸውን አስለቀቁ። ወደ እኔ መጡ። ሊመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ከሐሙስ ጀምሮ» አሉ። «እኔን ስትጠብቂ። ብቻሽን።»

ዓይኔን ስገልጥ ፊታቸው ፊቴ አጠገብ ነበር።

«ነግሮኝ ነበር» አሉኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ ያህል ዝቅ ብለው፤ ቤቱ ግን ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ። «ፆሙ የገባ ዕለት ነገረኝ። በገዛ አፏ እስክትነግርሽ ድረስ እንዳታስቸኩያት ብሎ ቃል አስገባኝ። ልጅ ባይኖርስ ብዬ ጠየቅሁት። እታለም፣ ያች ሸርጣን እንኳ ከልኳ በላይ አትጠየቅም አለኝ። እሺ አልኩት። አንድ ቀን አድሬ እሺ አልኩት፤ ከልቤ ነው። መጋረጃውን ለማን ጎጆ የምሰፋ መስሎሽ ነው?»

የሚያስደነግጥ ነገር ሁሉ ሐሙስ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስፌት መኪናው ላይ ነጩ መጋረጃ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ትናንት ገበታው ላይ የጠየቁኝ ምን እንደነበር፣ ሰሃኑ ለምን ከጎኔ እንደነበር አሁን ገባኝ።

እትዬ የሻሽ የገዛ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ጥለቱን አዘቅዝቀው ትከሻዬ ላይ አለበሱኝ። እጄን ይዘው ወሰዱኝና እሳቸው የተነሡበት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ጋሼ ሀብተማርያም፣ እንደገና ይንገሩ።»

ሰውየው ግራ ገባቸው። «ለማን?»

«ለሚስቱ። አልነገራችኋትም።»

ወይዘሮ እንግዳወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ መጥተው በግራዬ ቆሙ፤ በቀኜ እትዬ የሻሽ ነበሩ። ክንዳቸውን ክንዴ ሥር አስገቡ። ጋሼ ሀብተማርያም ኮፍያቸውን እንደገና አወለቁ፤ ያን ቀን መስኮቱ ጋ እንዳወለቁት። በጋራዡ በአንድ ትንፋሽ የነገሩኝን አሁን ቆራርጠው ጀመሩት።

«ልጄ ስመኝ» አሉ። ቆሙ። «ልጄ…ብሩህ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ከሐሙስ ጀምሮ የማውቀውን ያን ጊዜ ሰማሁት። አንዲት ሴት ጮኸች። ማናት ብዬ ዞር ስል፣ ሁሉም የሚያዩት ወደ እኔ ነበር።